ያልቀመስኩት ዓርብ

ሚስተር ዊንስተን ጥፋተኛ አይደሉም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ሰው ንባብ ጀምሮ መሐል ላይ ስለሚተው ነው፤ ሌላውን ለማንበብ ጊዜ የሌለው ይህችን ብቻ ይዞ ይሂድ። የመዝናኛ መርከቡ ድርጅት ከሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት «በቸልተኝነት የመንገደኛ ሕይወት ለአደጋ አጋልጠዋል» ብሎ ያባረራቸው ሰው ያንን ካርቶን አልገጠሙም። የገጠምኩት እኔ ነኝ። መቅመስ ሲገባኝ ያልቀመስኩትም እኔ ነኝ። ይህንኑ ለድርጅቱ ብነግረው «መዝገባችን ላይ ያለው የእሳቸው ስም ነው» አለኝ። መዝገብ የሚባል ነገር እውነት ሲነገረው የማይሰማ ከሆነ፣ እኔም የራሴን መዝገብ እጽፋለሁ ብዬ ተነሣሁ።

ጥሩነሽ እባላለሁ። ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው። የምኖረው ቶሮንቶ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ ነው፤ አሥራ አራተኛ ፎቅ፣ አሳንሰሩ ከሠራ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ፊደል ብሳሳት አንባቢ ይቅር ይበለኝ፤ በነገሩ ግን አልተሳሳትኩም።

ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ሴቶቹ ምን ሠርተሽ ጡረታ ወጣሽ ይሉኛል። መርከብ ላይ ለስላሳ እቀምስ ነበር እላለሁ። ይስቃሉ።

«እትዬ ጥሩነሽ፣ እንዲህ ያለ ሥራ እያለ ነው እኛ አንሶላ ስንቀይር ወገባችን የተቆረጠው?» ትላለች አንዷ።

«ጥርስሽስ እንዴት ተረፈ?» ትላለች ሌላዋ።

«ይተፋላ» እላለሁ። «የሚውጥ ቀማሽ ዓመት አይቆይም።»

ቀልዱን አልጠላውም። የምጠላው ከቀልዱ በኋላ የሚመጣውን ነው፦ ለስላሳ ምን ሥራ አለው የሚለውን። ስኳርና ቀለም ነው፣ የልጅ ነገር ነው ይላሉ። ሦስት ሺህ ሰው በጫነ መርከብ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በቧንቧ የሚወርደው ነገር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ከሌለ ምን እንደሚደርስ እኔ አይቻለሁ።

ሥራውን መጀመሪያ ያስተማረኝ ላምባ ነው። አዲስ አበባ፣ አንድ የለስላሳ ፋብሪካ ውስጥ ጠርሙስ መርማሪ ነበርኩ። ተመላሽ ጠርሙስ ታጥቦ በብርሃን ፊት ሲያልፍ ቁጭ ብሎ ማየት ነው። የተሰነጠቀውን፣ የሲጋራ ቁራጭ የቀረበትን፣ ክር የያዘውን ነጥሎ ማውጣት። ዓይን ቶሎ ስለሚደክም ቶሎ ቶሎ ይቀያይሩን ነበር። ላምባን ግን ዓይን አያየውም። ያን ጊዜ ሰው ላምባ የሚገዛው በለስላሳ ጠርሙስ ነበር፤ ላምባው ሲያልቅ ያንኑ ጠርሙስ ወስዶ በለስላሳ ይቀይረዋል። ማሽኑ ቢያጥበውም ሽታው አይለቅም። እኔ ጠርሙሱ ገና ሲያልፍ አውቀው ነበር።

አለቃችን አላመኑኝም። አንድ ቀን ሃያ ጠርሙስ ደረደሩ፤ ሁለቱን ላምባ አስነክተው አሳጥበዋቸዋል። «በይ አውጪ» አሉኝ። ሁለቱን አወጣሁ። ሦስተኛም ጨመርኩ።

«ይቺ እንኳ ንጹሕ ናት» አሉኝ።

«ለእርስዎ ነው ንጹሕ» አልኳቸው።

ጠርሙሷ የመጣችበት ሳጥን ሲጣራ ከላምባ ሻጭ ሱቅ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አለቃው በአፍንጫዬ ማሉ። ደመወዜ ግን አልተነካም። ይህን ብዬ አልፈዋለሁ።

ከዚያ አቴና። ልጄን ለእናቴ ትቼ የሰው ቤት ስሠራ ዓመታት አለፉ። በኋላ አንዲት የአገሬ ልጅ ከፒሬየስ ወደብ በሚነሣ የመዝናኛ መርከብ ላይ ብርጭቆ አጣቢ አስገባችኝ። ከባሕር ጠለል በታች፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣ እንፋሎት ውስጥ ነበር የምውለው። አንድ ቀን ከቡና ቤቱ የተመለሰ ብርጭቆ ሳነሣ ሸተተኝ። ይዤው ወደ ላይ ወጣሁ፤ አጣቢ ወደዚያ መውጣት አይፈቀድላትም። ባንኮኒው ጋ አንድ ረጅም፣ ፎጣ ትከሻቸው ላይ የጣሉ ጥቁር ሰው ቆመዋል።

«ይህ ብርቱካን ውስጡ ኮላ አለበት» አልኳቸው በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ።

ብርጭቆውን ተቀብለው ቀመሱ። እንደገና ቀመሱ። ቀና ብለው አዩኝ።

«ቱቦውን ዛሬ ጠዋት ነው ከኮላ ወደ ብርቱካን የቀየርኩት» አሉ። «አጥቤዋለሁ ብዬ ነበር። ስምሽ ማነው?»

ሚስተር ዊንስተን እሳቸው ናቸው። ጃማይካዊ ናቸው፤ በመርከቡ ላይ ያለው ለስላሳ ሁሉ በእሳቸው እጅ ነበር። በሳምንቱ ከብርጭቆው አስወጥተው ከጎናቸው አደረጉኝ። «ሲስተር ቲሩ» ይሉኝ ነበር፤ ጥሩነሽ ማለት ስላልሆነላቸው።

ሥራው እንዲህ ነው። መርከብ ላይ ለስላሳ በጠርሙስ አይጫንም፤ ክብደቱ አይቻልም። የሚጫነው ሽሮፕ ነው፤ ስኳሩ፣ ቀለሙና ጣዕሙ አብሮ ያለበት ወፍራም ነገር፣ በከረጢት ሆኖ በካርቶን ታሽጎ። ካርቶኑ ከታች መጋዘን ውስጥ ከቱቦ ጋር ይገጠማል። ቱቦው ስድስት ፎቅ ወጥቶ ቧንቧው ጫፍ ላይ ጋዝ ካለው ውሃ ጋር ይገናኛል። አንድ እጅ ሽሮፕ፣ አምስት እጅ ውሃ። ይህ ልክ ትንሽ ከተዛባ መጠጡ ወይ ውሃ ውሃ ይላል ወይ ጉሮሮ ይይዛል።

ሚስተር ዊንስተን ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሣሉ። መጀመሪያ ጥሬ ዝንጅብል እንደ ጥፍር አሳንሰው ቆርጠው ምላሳቸው ላይ ያኖራሉ፤ ምላስ ይቀሰቅሳል ይላሉ። ከዚያ ለብ ያለ ውሃ። ከዚያ የራሳቸውን ቆርቆሮ ኩባያ ይዘው ከሁሉ ሩቅ ከሆነው ቧንቧ ይጀምራሉ፤ ቅርቡ ቧንቧ ቀዝቃዛ ስለሆነ ስህተትን ይደብቃል። በየመሐሉ ደረቅ ዳቦ። በባንኮኒው ብርጭቆ ፈጽሞ አይቀምሱም፤ ሳሙናው ይቀራል። እያንዳንዱን መስመር ቀምሰው፣ ተፍተው፣ ወረቀቱ ላይ ይፈርማሉ። ሁልጊዜ አንድ ነገር ይሉ ነበር፦ «ካርቶን ይዋሻል፣ ሲስተር ቲሩ። ምላስ አይዋሽም።»

የዓለምን ሰው ያወቅሁት በፖለቲካው ሳይሆን በሚጠማው ነው። አሜሪካዊ ብርጭቆው እስከ አፉ በረዶ ካልሆነ ተበደልኩ ይላል፤ ጣሊያን ደግሞ በረዶው ሲበዛ ነው ተሰረቅሁ የሚለው። ጀርመን ኮላና ብርቱካን ደባልቆ ይጠጣል። ሕንዶች ሎሚ፣ ጨውና ከሙን የገባበት ሶዳ ይጠይቃሉ፤ እኔም ወድጄው ነበር። አሜሪካኖች ከሥራ ሥር የሚሠሩት አንድ ጥቁር ለስላሳ አላቸው፤ እነሱ የልጅነታቸውን ጣዕም ያገኙበታል፣ ግሪኮቹ የጥርስ ሳሙና ነው ብለው ይመልሱታል። አንዱ ኮላ ራሱ አንድ አይደለም። ፍሎሪዳ የጫንነው ሽሮፕ በበቆሎ ስኳር የተሠራ ነው፤ አፍ ላይ ይለጠፋል። ሜክሲኮ የጫንነው በሸንኮራ ነው፤ ጣፍጦ ቶሎ ይሄዳል። የግሪክ ብርቱካን ሥሩ ላይ ጭማቂው ይዘቅጣል፤ ሌላው ቦታ ብርቱካን ማለት ቀለሙ ነው። የካናዳውን የዝንጅብል ለስላሳ ደግሞ ሚስተር ዊንስተን «ዝንጅብሉ በመስኮት ያለፈበት ውሃ» ይሉት ነበር። የእሳቸው አገር ዝንጅብል ጉሮሮ ያቃጥላል፣ እንባ ያስወጣል።

አለቆች ግን ይህን ሁሉ አንድ ነገር ያደርጉታል። ለስላሳ፣ ይላሉ፣ አለቀ። አንዱ የምግብና መጠጥ ኃላፊ የልጆች መዋኛ ጋ ያለውን ቧንቧ ወደ አንድ ለሰባት አድርጉት ብሎ አዘዘ። «ልጅ አያውቅም» አለ።

ሚስተር ዊንስተን ፎጣቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። «ጌታዬ፣ አዋቂውን ማታለል ይቻላል፤ ወሬ ላይ ነው። ልጅ ግን የሚጠጣውን እያየ ነው የሚጠጣው።» አልነኩትም። ኃላፊው በራሱ ሰው አስቀየረው። በሁለተኛው ቀን የስድስት ዓመት ልጅ እናቷን እየጎተተች መጥታ «ይህ ትናንት ደህና ነበር» አለች። እኔ እዚያው ነበርኩ። ልጅቷን ልስማት ቃጣኝ።

በዚያው ክረምት ሚስተር ዊንስተን በትኩሳት ሁለት ሳምንት ተኙ። ሲነሡ ከስተዋል፤ ሥራውን ግን አልቀየሩም። አንድ ነገር ብቻ ጨመሩ፦ ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ «በይ አንቺ ቀድመሽ ንገሪኝ» ማለት ጀመሩ። ቀምሼ እናገራለሁ፤ እሳቸው ቀጥለው ይቀምሱና «ልክ ነሽ» ይላሉ። ሊያስረክቡኝ ነው፣ እያስተማሩኝ ነው ብዬ እኮራ ነበር።

ከምላሳችን ሌላ አንድ መሣሪያ ነበረን። ጣት የሚያህል መነጽር ነው፤ ጫፉ ላይ አንድ ጠብታ አድርገው ወደ ብርሃን ሲያዩበት የስኳሩን ልክ በመስመር ያሳያል። ስኳር ያለውንና የሌለውን በዓይን ጥቅሻ ይለያል። በአንድ ማዕበል ወድቆ ተሰበረ። ሚስተር ዊንስተን ሌላ ይገዛ ብለው ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ጠየቁ። ያን ጊዜ አዲስ የግዢ ኃላፊ መጥቶ ነበር፤ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ መጋዘን ወርዶ የማያውቅ ሰው። በሦስተኛው ጊዜ እኔን እያየ «የኢትዮጵያዊቷ ምላስ በነጻ እያለ መሣሪያ ለምን እገዛለሁ?» አለ።

እኔም ሞኝ፣ ያን ቀን ኮራሁ።

ይኸው ሰው ነው ሽሮፕ አቅራቢውን የቀየረው። የቀድሞው አቅራቢ ካርቶን ላይ የብር ቀለም መቀነት ማለት ስኳር የሌለበት ነው፤ ቀይ መቀነት ስኳር ያለበት። መርከቡ ላይ ያለን ሰዎች ከአርባ አገር ነን፤ ሁላችንም የምናነበው ቀለሙን ነው። አዲሱ አቅራቢ ግን ስኳር ያለበትን ኮላ በብር መቀነት አሽጎ ነበር፤ በዚያ አገር ልማዱ እንደዚያ ነው አሉ። ጽሕፈቱ በማላውቀው ፊደል ነው። ኃላፊው ይህን የሚገልጽ ወረቀት ደርሶት ነበር። ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ዋለ። ወደ መጋዘን አንድ ሰው ልኮ «ተጠንቀቁ» አላለንም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ።

በሁዳዴ ጠዋት ጠዋት እንዴት እንደምቀምስ አቴና ያለውን ንስሐ አባቴን ጠይቄ ነበር። «የሰው ጤና ነውና ቀምሰሽ ትፊው፣ ልጄ» ብለው ፈቅደውልኛል። ስቅለትን ግን አልጠየቅሁም። በስቅለት አፌ ምንም እንዳይነካው የወሰንኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም። እልከኛ ነኝ። ለሚስተር ዊንስተን ከሳምንት በፊት ነገርኳቸው። የእነሱ ስቅለት አልፎ ነበር፤ የእኛ ሌላ ቀን መሆኑ ገርሟቸው ሳቁ።

«ሁለት ጊዜ ይሰቀላል እንዴ?»

«አንድ ጊዜ ነው። እናንተ ቸኩላችሁ ነው» አልኳቸው።

«እንግዲያው ዓርብሽን ጸልዪ። መስመሩን ለእኔ ተዪው።»

የዚያን ዓርብ ንጋት ስኳር የሌለበት ኮላ አለቀ። ወርጄ አዲስ ካርቶን ጎተትኩ። የብር መቀነት አየሁ፤ ገጠምኩ። ልማዴ ቢሆን ወዲያው ወጥቼ እቀምሳለሁ። አልቀመስኩም። የታጠበ ፎጣ የሚቀመጥበት ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁና ስሰግድ ዋልኩ።

በመርከቡ ላይ አንዲት አሮጊት መንገደኛ ነበሩ፤ ሁልጊዜ ነጭ ባርኔጣ የሚያደርጉ። ስኳር በሽታ አለባቸው። በየቀኑ መጠጣቸውን ከመቀበላቸው በፊት «ስኳር የሌለበት ነው አይደል፣ ውዴ?» ይሉኛል። «የሌለበት ነው፣ እማማ» እላቸዋለሁ። ያን ቀን ሙቀቱ የሚያቃጥል ነበር፤ ባንኮኒው ላይ ሌላ ሰው ነበር የቆመው። እሱም የሌለበት ነው አላቸው። ስድስት ብርጭቆ ጠጡ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ወጣሁ። ጾም የዋለ ምላስ እንደ ተሳለ ቢላ ነው። በልማዴ ሩቁ ቧንቧ ጋ ሄጄ ጠዋት ከገጠምኩት መስመር ጥቂት ቀዳሁ። ምላሴን ገና ሲነካው አወቅሁት። ስኳር ነው። ቧንቧውን ዘግቼ ወደ ሚስተር ዊንስተን ሮጥኩ።

«ስኳር ነው» አልኳቸው። «ከጠዋት ጀምሮ ስኳር ነው።»

ፊታቸው ላይ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳም። አልጠየቁኝም፣ አልተከራከሩኝም። ፎጣቸውን አውርደው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡና ወደ መርከቡ ሐኪም ክፍል ሄዱ። ባለ ነጭ ባርኔጣዋ ሴትዮ እዚያ ነበሩ፤ ሰው አይለዩም ነበር። በሚቀጥለው ወደብ በቃሬዛ ወረዱ። መትረፋቸውን የሰማነው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ያን ሁለት ሳምንት እንዴት እንዳሳለፍኩት አልጽፍም።

ምርመራው አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። የመቅመሻውን ወረቀት አወጡ። በዓርብ ረድፍ፣ በኮላው መስመር ላይ፣ የሚስተር ዊንስተን ፊርማ አለ።

«ይህ ያንተ ፊርማ ነው?» አላቸው መርማሪው መኮንን።

«የእኔ ነው።»

እኔ ሳልጠራ ገባሁ። «ካርቶኑን የገጠምኩት እኔ ነኝ። መቅመስ የነበረብኝም እኔ ነኝ። እሳቸው እኔን ለመሸፈን ብለው ነው የፈረሙት። ካርቶኑም ውሸታም ነበር፤ ወረቀቱ የግዢ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ነው» አልኩ።

መኮንኑ ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረው። «እዚህ ላይ ስምሽ የት አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ውጪ።»

ሚስተር ዊንስተን ተባረሩ። ሻንጣቸውን ይዘው ሲወርዱ ቆርቆሮ ኩባያቸውን ሰጡኝ። «ጠዋት ጠዋት ቅመሺ፣ ሲስተር ቲሩ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ የትኛውም መርከብ አልቀጠራቸውም፤ ያ ደብዳቤ ከፊታቸው እየቀደመ ይደርሳል። የግዢ ኃላፊው ግን በዓመቱ አደገ። መሣሪያውም ተገዛ፤ ሰው ሊሞት ደርሶ ነው የተገዛው። እኔ የእሳቸውን ቦታ ተረክቤ ወደ ሃያ ዓመት ሠራሁ። ከዚያ ወዲህ ባሕር ላይ በዋልኩበት ስቅለት ሁሉ ቀምሻለሁ። ቀምሼ፣ ተፍቼ፣ አልቅሼ ፈርሜያለሁ። ንስሐ አባቴ ያውቃሉ።

ልጄ ስፖንሰር አድርጋኝ ቶሮንቶ ስመጣ የመጀመሪያ ሥራዬ ለድርጅቱ መጻፍ ሆነ። የልጅ ልጄ ሊያ ናት የምትጽፍልኝ፤ ያን ጊዜ ልጅ ነበረች፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ናት። እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትጽፋለች።

«እማማ፣ ሴንድ አደረግሁት። ግን ምንድነው የምትፈልጊው? ሪፈንድ ነው?»

«ስሜን ነው የምፈልገው። የእሳቸው ስም ወጥቶ የእኔ እንዲገባ።»

«ማንም ሰው እንደዚህ አይጠይቅም፣ እማማ።»

«ስለዚህ እኔ ጠየቅሁ።»

መልሳቸው መጀመሪያ ማሽን የጻፈው ነበር፤ አስተያየትዎ ይጠቅመናል ይላል። ቀጥሎ ለሚቀጥለው የመርከብ ሽርሽርዎ ብለው ቅናሽ ላኩልኝ። እኔን፣ መንገደኛ አድርገው። አንድ ጊዜ ሊያ ኮል አድርጋ አገናኘችኝ። ወጣት ነው፤ በትሕትና ሲያዳምጠኝ ቆየና «ማዳም፣ ይቅርታ፣ አቤቱታዎ በራስዎ ላይ ነው?» አለኝ።

«አዎ።»

«ለዚያ የሚሆን ፎርም የለንም» አለኝ።

በዚህ ሁሉ ዓመት ሚስተር ዊንስተን የት እንዳሉ አውቅ ነበር። እህታቸው እዚሁ ቶሮንቶ፣ ኤግሊንተን ዌስት ላይ ሱቅ እንዳላት መርከብ ላይ ነግረውኛል፤ እሳቸውም እዚያ እንደሚኖሩ ከአንድ የድሮ ባልደረባ ሰምቻለሁ። ከቤቴ አውቶቡስ ቀይሮ መድረስ ይቻላል። አልሄድኩም። በእጄ የተስተካከለ ወረቀት ሳልይዝ ፊታቸው አልቆምም ብዬ ነው። ኩራት ነው ካላችሁኝ ኩራት ነው።

በዚህ መኸር የመጨረሻው ደብዳቤ መጣ። መዝገቡ ሊታይ የሚችለው የሚመለከታቸው ሰው፣ ማለት ሚስተር ዊንስተን ራሳቸው፣ ፈርመው ከጠየቁ ብቻ ነው ይላል። አብሮ አንዲት ገጽ ቅጽ አለ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የእሳቸው ፊርማ ጥፋተኛ ያደረጋቸው አንሶ፣ ለመዳንም የእሳቸውን ፊርማ ይፈልጋሉ። ተናድጄ ነው ይህን ጽሑፍ መጻፍ የጀመርኩት። እስከዚህ ያለውን ጽፌ ስጨርስ፣ ቅጹንና ጽሑፉን ይዤ ልሂድ፣ አንብቤላቸው ይፈርሙ አልኩ።

ከዚህ በታች ያለው ሄጄ ከተመለስኩ በኋላ የጻፍኩት ነው። ከላይ ያለውን አልሰርዝም። ድርጅቱ በድሏል፤ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ያሳደረው፣ መሣሪያውን የከለከለው እሱ ነው። ይህ አይለወጥም።

ኤግሊንተን የባቡሩ ቁፋሮ ብዙ ሱቅ አዘግቷል። የእህታቸው ሱቅ የነበረበት ቤት ወረቀት ተለጥፎበታል። አጠገቡ ያለውን ፀጉር አስተካካይ ስጠይቀው መቀሱን ሳያቆም በአገጩ ደረጃውን አሳየኝ። ከመውጣቴ በፊት ከማዕዘኑ ሱቅ ሁለት ጠርሙስ ገዛሁ፤ ለእሳቸው ያንን የሚያቃጥለውን የአገራቸውን ዝንጅብል፣ ለእኔ ባዶ ሶዳ።

በሩን የከፈተችልኝ የእህታቸው ልጅ ናት። ሚስተር ዊንስተን መስኮት ጋ ተቀምጠዋል፤ ሰማንያ አምስት ዓመት አልፏቸዋል፣ ፎጣ ግን ትከሻቸው ላይ አለ።

«ሲስተር ቲሩ» አሉኝ። «አርጅተሻል።»

«እርስዎን ለመምሰል ነው» አልኳቸው።

ልጅቷ ጠርሙሶቹን ተቀብላኝ ወደ ጓዳ ገባችና በሁለት አንድ ዓይነት የሸክላ ኩባያ ቀድታ አመጣች። «ያመጣሁልዎት የአገርዎ ዝንጅብል ነው» አልኳቸው። እኔ ለመጠጣት አልቸኮልኩም፤ ወረቀቴን አወጣሁ። እያንዳንዱን መስመር በእንግሊዝኛዬ እየመለስኩ አነበብኩላቸው፤ ላምባውን፣ የመዋኛዋን ልጅ ነገር፣ ዓርቡን። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። መሐል ላይ ከኩባያቸው ግማሹን ጠጡ።

«ይህ ነው ዝንጅብል» አሉ። «ጉሮሮ ያቃጥላል። እዚህ አገር የሚሸጡት ያ ሌላው ውሃ ነው።»

ጨርሼ ቅጹን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩና እስክሪብቶ ሰጠኋቸው። ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር፤ የራሴን ኩባያ አነሣሁ። አንዴ ጎነጨሁ። አቃጠለኝ፤ እንባዬ መጣ። ዝንጅብሉ እኔ ጋ ነው።

ኩባያውን አስቀመጥኩና አየኋቸው። እሳቸው የእኔን ባዶ ሶዳ ይዘዋል።

«ሚስተር ዊንስተን» አልኩ፤ «ኩባያው ተቀያይሯል። የጠጡት ሶዳ ነው።»

ኩባያውን በሁለት እጃቸው ይዘው ውስጡን ተመለከቱ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩ።

«ትኩሳት ታምሜ የተኛሁ ጊዜ ትዝ ይልሻል? ከዚያ ወዲህ ነው። ከዚያም በኋላ ዝንጅብሉን ጠዋት ጠዋት ማኘኩን ያልተውኩት ጣዕሙ ይመለስ እንደሆነ ብዬ ነበር። አልተመለሰም።»

«በይ ቀድመሽ ንገሪኝ ይሉኝ የነበረው…»

«ሥራውን የምትሠሪው አንቺ ነበርሽ።»

«ያን ዓርብስ?»

«ቀምሻለሁ። ሁሉንም መስመር ቀምሻለሁ፣ ከሩቁ ጀምሬ። ለእኔ ሁሉም ቀዝቃዛ ውሃ ነበር። ከዚያ ፈረምኩ።» ቅጹን ከጉልበታቸው አንሥተው በቀስታ መለሱልኝ። «ይህን ልፈርም አልችልም። መዝገቡ ላይ የጻፉት እውነት ነው።»

ያን ጊዜ የተሰማኝን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ለድርጅቱ የያዝኩት ንዴት ሁሉ ዞሮ እሳቸው ላይ መጣ። እኒያን ሴትዮ አሰብኩ፣ በቃሬዛ ሲወርዱ። ሳልቀምስ ሰው ልገድል ነበር እያልኩ ያደርኳቸውን ሌሊቶች አሰብኩ። ድምፄ ከፍ አለ፤ ልጅቷ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችን።

«ሚስተር ዊንስተን፣ ሰው ሊሞት ነበር። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። ምላሴ ሞቷል ቢሉኝ ምን ነበረበት? ለአለቆቹ አይንገሩ፣ ለእኔ። ለምን አልነገሩኝም?»

ፎጣቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፤ አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«ብነግርሽ ኖሮ፣ ሲስተር ቲሩ» አሉኝ፤ «በዓርብሽ ትቀምሺ ነበር።»